አንድ ማዕድ፣ አንድ ውኃ

ሂንዱዎች በዜማ እየደጋገሙ የሚጸልዩትን ቅዱስ ቃል ማንትራ ይሉታል። ከአራቱ ቬዳዎች አንዱ በሆነው በአታርቫ ቬዳ፣ በሦስተኛው መጽሐፍ፣ 30ኛው መዝሙር የቤት ሰላም የሚለመንበት ነው። በ7 አንቀጾቹ ልጅን ከወላጅ፣ ሚስትን ከባል፣ ወንድምን ከወንድም ያስማማል። የፍቅሩ ምሳሌ አዲስ ለተወለደ ጥጃዋ የምትሳሳ ላም ናት። እኔን የያዘኝ ግን ወደ ፍጻሜው ያለው ልመና ነው፤ ቤተሰቡ ውኃውንና እህሉን በአንድነት እንዲካፈል ይማጸናል። ፍቅር ማዕድ እንደሚሻ ያውቃልና።

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ውርስ ለመካፈል ከመስኮቴ ፊት የሚቆሙ ወንድማማቾችን አስተናግዳለሁ። ሒሳቡ እስከ ሳንቲሙ ይስተካከላል፤ እነርሱ ግን ዓይን ለዓይን አይተያዩም። የእኛም ቤት፣ አባታችን ካረፈ ወዲህ፣ ሦስት መሶብ ሆኗል።

የሌላ እምነት ልጅ ነኝና ማንትራውን አልደግመውም። ሆኖም፣ አንባቢ ሆይ፣ ማለዳ ስለ ወንድሙ ሲያዜም ያነጋ አፍ፣ ማታ ወንድሙን ለመዝለፍ እንዴት ይከፈታል? የመደጋገሙ ምሥጢር ዜመኛውን ራሱን ማለዘብ ይመስለኛል።

ለመጪው ፋሲካ ከአንድ መሶብ እንድንቆርስ ለታላቅ ወንድማችን መልእክት ልኬያለሁ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።