ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ለምን ይናፍቃል? ከሰቆጣ ፕሌይስቴሽን ቤት እስከ ሰሃላ ገበጣ

መቼም እኛ የከተማ ልጆች «አዲሱ ወጣ!» ከተባልን እንቅልፍ የለንም። ጫማ ቢሆን፣ ሞባይል ቢሆን፣ ፊልም ቢሆን የቀድሞውን ዞር ብለን አናይም። ጌም ከሆነማ አይነሳ! ቁጥሩ በአንድ ከፍ ካለ በቃ፣ የአምናውን የሚጫወት ፋራ ነው። ግን እስቲ እውነቱን እናውራ። ስንቶቻችሁ ናችሁ አዲሱን ገዝታችሁ፣ ሁለት ሳምንት ተጫውታችሁ፣ ከዚያ ድምፃችሁን አጥፍታችሁ ወደ አሮጌው የተመለሳችሁ?

ይህ ነገር ለምን እንደሚሆን ለዓመታት ስከራከርበት የኖርኩት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። መልስ ያገኘሁት ግን ጌም ይገኝበታል ብላችሁ በማትጠረጥሩት አገር ነው። ዋግ ኽምራ ውስጥ! ነገሩ ሰቆጣ ላይ ጀምሮ ሰሃላ ላይ አለቀ።

ጊዜው 2007 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነበር። የእንስሳት ሐኪም የሆነ አብሮ አደጌ ፍየል ለመከተብ ወደ ሰሃላ ሊወርድ ተነስቶ «ሥራ ፈትተህ ከምትቀመጥ ና፣ አገር ታያለህ» አለኝ። ከአዲስ አበባ ሰቆጣ 720 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደሴና በወልድያ አድርገን፣ ኮረም ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥለን፣ አቧራችንን ጠጥተን በሁለተኛው ቀን ገባን።

ሰቆጣን ላላያችኋት ላስተዋውቃችሁ። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረች አሮጌ ከተማ ስለሆነች ታሪክ ለሚወድ ሰው ብዙ የሚታይ አላት። ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ ከዐለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ ላሊበላን ብቻ የምታውቁ ሰዎች ብትሄዱ ትገረማላችሁ። ገበያው ውስጥ አማርኛውና ኽምጣጋው እየተቀያየረ ይሰማል። ጠላው ደግሞ... ጠላውን ሌላ ቀን እናወራለን።

ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ወረፋ

ጓደኛዬ ለክትባቱ ወረቀት ሲያስጨርስ እኔ ከተማውን ስዞር የጎል ጩኸት ሰማሁ። ጩኸቱን ተከትዬ ገባሁ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በመጋረጃ የተከለለ በር፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 3። አንድ ጌም ሁለት ብር፣ የተሸነፈ ይነሳል። ያው ከእኛ ሰፈር ጋር አንድ ነው።

ዓይኔን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ግራ ያለው ቴሌቪዥን ፊት ዘጠኝ ልጅ ተጋፍቶ ተሰልፏል። ቀኝ ያለው ፊት አንድ ጩጬ ብቻውን ከኮምፒውተሩ ጋር ይጫወታል፤ እሱም ወረፋው እስኪደርሰው ነው። ግራው ላይ የተጫነው ፔስ 2013 ሲሆን ቀኙ ላይ ያለው አዲሱ ፔስ 2014 ነበር።

ባለቤቱ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለተኛውን ማሽንና አዲሱን ጌም የገዛው ዕቁብ ሲወጣለት ነው። «አዲስ ካመጣሁ ከተማው በሙሉ ይመጣል ብዬ ነበር» አለኝ። ደብተሩን አሳየኝ። በየጌሙ አንድ አንድ ጭረት ይሰርዛል። የአሮጌው ጭረት ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባ ተሻግሯል፤ የአዲሱ ገና ግማሽ ገጽ አልደረሰም። የቤቱ ኪራይ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ዕቁቡም ገና አላለቀም። ለእኛ ጨዋታ የሆነው ለእሱ እንጀራ ነው።

ታዲያ እኔ ጌም አዋቂ ነኝና ወንበር ይዤ ልጆቹን መጠየቅ ጀመርኩ።

አንዱ ልጅ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ጋሼ፣ አዲሱ ዝናብ የለውም እኮ!» አለኝ። «እዚህ አገር ዝናብ ጠፋ፣ ጌሙ ውስጥም ይጥፋ እንዴ?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ግን እውነቱን ነው። ፔስ 2014 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ኮናሚ ጌሙን ከመሠረቱ ቀይሮ ፎክስ ኢንጂን በሚባለው አዲስ ሞተር ነው የሠራው፤ ሜታል ጊር ሶሊድ 5 በተሠራበት ማለት ነው። ሥዕሉ አማረ፣ የተጫዋቾቹ ፊት ሰው መሰለ፣ ማሊያው ሲታጠፍ ይታያል። ነገር ግን በሽግግሩ ላይ የወደቁ ነገሮች ነበሩ፤ አንዱ ዝናብ ነው። የተመለሰው በሚቀጥለው ዓመት፣ በፔስ 2015 ነው።

«ዝናብ ምን ያደርጋል?» የምትሉ ካላችሁ ጌም አልተጫወታችሁም። እነዚያው ሁለት ቡድኖች በፀሐይ ሲገጥሙና በዝናብ ሲገጥሙ ሁለት የተለያየ ጨዋታ ነው። ኳሷ ትንሸራተታለች፣ የለመዱት ቅብብል ይከዳል፣ ትናንት አራት ለባዶ ያሸነፈ ዛሬ ይሸነፋል። ተሸናፊው «ነገ እንገናኝ» ብሎ የሚወጣው እንዲህ ያለ ነገር ስላለ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እጅ ነው። የ2013ቱን ጣታቸው ለምዶታል። አዲሱ ከበድ ይላል፣ ዘገም ይላል፣ ተጫዋቹ ለመዞር ጊዜ ይወስዳል። ከእውነተኛ ኳስ ጋር ይመሳሰላል፤ ልክ ነው። ግን አንድ ጌም አሥር ደቂቃ በሚቆይበትና የተሸነፈ በሚነሳበት ቤት ማን ሁለት ብሩን ለትምህርት ይከፍላል?

ሦስተኛውን የነገረኝ ባለቤቱ ራሱ ነው። አሮጌው ጌም ውስጥ አርሰናል «ኖርዝ ሎንዶን» በሚል የዳቦ ስም ነው የሚገባው፤ የስም ፈቃድ ስላልነበረ። ይህ ልጅ ስንት ሌሊት ቁጭ ብሎ ስሙን አስተካክሎታል፣ ማሊያውን ቀብቶታል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ የሄደች ጊዜ ደግሞ አንዱን ተጫዋች ሳላሃዲን ሰዒድ ብሎ ሰይሞ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አልብሶታል። ልጆቹ በሳላሃዲን ጎል ለማግባት ይጋደላሉ! አዲሱ ሲመጣ ያ ሁሉ ሥራ አብሮ አልተሻገረም። እንደገና ከዜሮ።

እውነቱን ለመናገር ግን አዲሱንም አልሰድበውም። ቤቱ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ፔስ 2014 ብዙ አለው። የተጫዋቾቹ ጠባይ ይለያያል፣ ደጋፊው ሲጮህ ቡድኑ ይነቃቃል፣ ክረምቱን ሙሉ ብትቆፍሩት የማያልቅ ነው። ከሥዕልማ አይወዳደሩም። ቁምነገሩ ሥዕል የሚታየው መጀመሪያ ቀን መሆኑ ላይ ነው። በአሥረኛው ቀን ሥዕሉን ማንም አያይም፤ የሚታየው ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ነው።

ሰሃላ፦ መብራት የሌለበት ጌም

በማግስቱ ወደ ሰሃላ ወረድን። ወረድን የምለው በምክንያት ነው፤ ከሰቆጣ ደጋማ አየር ተነስታችሁ ወደ ተከዜ ሸለቆ ስታቀኑ ጃኬታችሁን አውልቃችሁ፣ ቀጥሎ ሹራባችሁን አውልቃችሁ፣ በመጨረሻ ቆዳችሁን ማውለቅ ያምራችኋል። ገደሉ ቀይና ግራጫ ነው። ግራርና ቁጥቋጦ፣ የማሽላ አገዳ የቀረበት እርሻ፣ ከዚያ ፍየል፣ እንደገና ፍየል። መኪናው ሲያበቃ በእግር ሄድን። ያደርንበት መንደር መብራት የለውም። የእኔ ሞባይል ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ሲመሽጋሽግ፣ ከዛፍ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አየሁ። ድንጋዩ ላይ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ተፈልፍሏል። ገበጣ! አንደኛው ሽበታቸው የወጣ አባት ናቸው፤ ሌላው የልጅ ልጃቸው ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ከርሞ ገና መመለሱ ነበር።

የገበጣውን ሕግ ለማታውቁት ላስረዳ። አሥራ ሁለቱ ጉድጓድ ውስጥ አራት አራት ጠጠር ይገባል፤ 48 ጠጠር ማለት ነው። ከአንዱ ጉድጓድ አፍሶ አንድ አንድ እየጣሉ መዞር፣ ሲገጥም መብላት ነው። ከቦታ ቦታ አጨዋወቱ ይለያያል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ የአገራችንን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ ሲጽፍ መጽሔቱን ሊሞላ ምንም አልቀረው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን አጀማመራቸው ነው። ሽማግሌው ሰባት ጉድጓድ ሞሉ። ልጁ አምስት ብቻ። «አባባ፣ ይሄ እኩል አይደለም እኮ» አልኳቸው።

«እንዴት እኩል ይሆናል ልጄ?» አሉኝ፤ ቀና ሳይሉ። «ሁመራ ሳይሄድ ሃያ ስምንት በልቼበታለሁ። ለእሱ ሃያ ቀርቶታል። ሰባት ለእኔ፣ አምስት ለእሱ። ዕዳውን ጥሎ ነው የሄደው።»

አያችሁልኝ? የዚህ ጨዋታ ክፍል ሁለት የሚጀምረው ክፍል አንድ ባለቀበት ነው። የበላኸውን ጠጠር ይዘህ ትመጣለህ፤ አራት አራት እያደረግህ ጉድጓድህን ትሞላለህ፤ የተረፈህ ካለ ከተቃራኒህ መሬት ትወስዳለህ። የተሸነፈው በጠበበ መሬት ይጀምርና መሬቱን ለማስመለስ ይታገላል። ልጁ አጨዳ ላይ ሦስት ወር ሲቆይ ውጤቱ አልጠፋም። «ሴቭ» ያደረጉት ሽማግሌው ናቸው፤ በጭንቅላታቸው!

ልጁን «ሁመራ ሆነህ ታስታውሰው ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። ፈገግ አለ። «ማታ ማታ አጫዋች ስናጣ አሸዋ ላይ ቆፍሬ ብቻዬን እሞክረው ነበር። ያጣሁትን ጉድጓድ እንዴት እንደምመልስ» አለኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጨመረ። የሥራ ባልደረቦቹ ከሁመራ በቀጥታ ወደ ሌላ ከተማ ሲያልፉ እሱ የተመለሰው እናቱን ለማየት ነው። «ደግሞም» አለ ወደ ሽማግሌው በአገጩ እያመለከተ፣ «እሳቸው ሸምግለዋል። ከዘገየሁ ማን ጋር ልጨርሰው ነው?»

ለዚህ ምን ይባላል? ዝም አልኩ። ያን ማታ በሽማግሌው ላይ አንድ ጉድጓድ አስመለሰ። ስድስት ለስድስት ሆኑ። ሽማግሌው በኽምጣጋ የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ ልጁ ሲስቅ ስድብ መሆኑን ገባኝ።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው?

ጌም ደግሞ ደጋግሞ የሚያጫውተን አዲስነቱ አይደለም ማለት ነው። የሚያጫውተን ያላለቀ ሒሳብ ነው። ትናንት የተሸነፍኩት ሰው፣ የለመደው እጄ፣ ስሙን ራሴ የቀባሁት ተጫዋች፣ ሁሉም ሒሳብ ነው። ክፍል ሁለት ያንን ተሸክሞ ከመጣ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ገበጣው እንደዚያ ነው። ሰርዞ «ከዜሮ ጀምሩ» ካለ ግን በወርቅ ቢለበጥም ሰው ወደ አሮጌው ይመለሳል።

በኋላ በዓለም ላይ የሆነውም ይህንኑ ነው። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ፔስ የሚለውን ስም ጭራሽ ጥሎ ኢፉትቦል ብሎ በነጻ ሲለቀው የድሮ ወዳጆቹ ተነሱበት፤ ኩባንያው ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደረሰ። ፔስ 2013ን ግን ዓመታት አልፈውም ቡድኑን በራሳቸው እያደሱ የሚጫወቱ ሰዎች አልጠፉም።

ከሰሃላ ስንመለስ ለሰቆጣው ልጅ የገበጣውን ነገር አጫወትኩት። ብልህ ልጅ ነው፤ አፍታም አልቆየ። ግድግዳው ላይ ካርቶን ለጠፈና የልጆቹን ስም ጻፈ። የዛሬ ውጤት ለነገ ይተላለፋል፤ ሁለት ለባዶ የተሸነፈ ነገ ሁለት ዕዳ ይዞ ይጀምራል፤ ዕዳ መክፈያው ደግሞ በሁለቱም ቴሌቪዥን ላይ ነው። አንድ ጌም በአሮጌው፣ አንድ ጌም በአዲሱ። ሚያዝያ ላይ ስደውልለት ኪራዩን ከፍሎ፣ የዕቁቡን ዕዳ አጋምሶ ነበር። «አዲሱንም ለመዱት» አለኝ። ሰው ለሒሳቡ ሲል ምን የማይለምደው አለ!

ምክር ቢጤ

አንደኛ፣ አዲስ ጌም ከመግዛታችሁ በፊት «ከማን ጋር ነው የምጫወተው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብቻችሁን ከሆነ ሥዕሉ የሚያምረውንና ብዙ የሚቆፈረውን ውሰዱ። ከጓደኛ ጋር ከሆነ ጓደኞቻችሁ የሚችሉትን ውሰዱ። ሁለተኛ፣ አሮጌውን ለመሸጥ አትቸኩሉ፤ ቢያንስ አንድ ወር አቆዩት። ሦስተኛ፣ ውጤት ጻፉ። ደብተር ይበቃል።

ወደ ዋግ መሄድ ላሰባችሁ ደግሞ፦ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ጦርነት አካባቢውን ጎድቶታል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ የከዳው ጊዜም ሰሃላ በድርቅ ከተጎዱት ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ጠይቁ። ስትሄዱ ኮፍያና ብዙ ውኃ ያዙ፤ የሞባይል ቻርጅ ላይ ግን አትመኩ። ቢሞትባችሁም አትደንግጡ፤ ዙሪያችሁን እዩ፣ ጠጠር አይጠፋም።