ስፒሎቹና የአይጥ ጎዳና

«ሽፒልኪ» በፖላንድኛ «ስፒሎች» ማለት ነው። እኛም ስፒል ስለምንል የዚህን የስላቅ መጽሔት ስም ያለ አስተርጓሚ ነው የወደድኩት። በ1935 (እ.ኤ.አ.) ዋርሶ ላይ ከመሠረቱት አንዱ ሠዓሊው ኤሪክ ሊፒንስኪ ነበር። ፋሺስቶችን ሲወጋ ቆይቶ በ1939 ጦርነቱ ዘጋው፤ ሊፒንስኪም አውሽቪትስ ታስሮ ተረፈ። መጽሔቱ በ1945 ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ግን እያንዳንዱ ገጽ የሳንሱርን ደጅ ይጠና ጀመር። መሥሪያ ቤቱ የነበረበት መንገድ ስሙ «የአይጥ ጎዳና» ነው፤ የእኔ ቀልድ አይደለም! ሰነፉን ሥራ አስኪያጅና ባዶውን ሱቅ መውጋት ይፈቀዳል፤ ፓርቲውና ሞስኮ ግን አይነኬ ናቸው። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ የቀረውን መንገር አያሻም።

ሳንሱር በሕግ የቀረው በ1990 ነው። ሽፒልኪም በዚያው ዓመት ቆመ። «ነፃነት ገደለው» ማለት ይቀናል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ሳንሱሩንና መጽሔቱን የሚቀልበው ቤት አንድ ነበር። የፓርቲው አሳታሚ ድርጅት እንዲፈርስ በዚያው ዓመት ሲታወጅ፣ በእኔ ግምት፣ ስፒሎቹ ያጡት የሚወጉትን ሳይሆን ወረቀት የሚገዛላቸውን ነው።

በ1993 እንደገና ብቅ ብሎ በ1994 ጠፋ። ሊፒንስኪ ይህን አላየም፤ በ1991 ዐረፈ። በ1978 ያቋቋመው የካርቱን ሙዚየም ግን ዋርሶ ውስጥ በስሙ ይጠራል።