ስሙን ሳይሆን ደብተሩን ጠይቅ

አንባቢ ሆይ! በመሥሪያ ቤት በረንዳ ላይ በሻይ ሰዓት ቆመህ ወሬ አዳምጠህ ከሆነ፣ ከደመወዝና ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የሚነሣው ጨዋታ የመኪና ጨዋታ መሆኑን ሳታስተውል አልቀረህም። አንደኛው «ከቶዮታ ወዲያ መኪና የለም» ብሎ ይፎክራል። ሁለተኛው «ሱዙኪ እኮ ቤንዚን በማሽተት ብቻ ይሄዳል» ሲል ይመልስለታል። ሦስተኛው የሆንዳን ሞተር እንደ ጀግና ያወድሳል። የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ግን ሦስቱም ለታክሲ ይሰለፋሉ። እኔም ከነዚህ አንዱ ነበርሁ። መኪና ሳይኖረኝ የመኪና ሊቅ ነበርሁ፤ መኪና ከገዛሁ በኋላ ግን አለማወቄን ዐወቅሁ። እኔ በገንዘብ የተማርሁትን አንተ በንባብ እንድትማረው ብዬ ይህን ጻፍሁልህ። አንቺም እኅቴ፣ ነገሩ ካንቺ የራቀ አይምሰልሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ክፍል ከሚሠራ ጓደኛዬ ጋር አንድ ዕቁብ ገብተን ነበር። ዕጣችን ሲደርስ ያጠራቀምነውን ጨምረን፣ ከዘመድም ተበድረን፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት አሮጌ የጃፓን መኪናዎች ገዛን። እሱ የመረጠው የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያውቃትን ትንሿን ቪትዝ ነው። እኔ ግን «በየመንገዱ እንደ ጉንዳን የፈሰሰ መኪና ምን ያደርግልኛል?» ብዬ፣ በዚያው ዋጋ ሰፋ ያለች፣ ወንበሯ ቆዳ የለበሰ፣ ሌላ የጃፓን ፋብሪካ የሠራትን መኪና ገዛሁ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የማን እንደነበረ ቆይተህ ትፈርዳለህ።

ጓደኛዬ መኪናዋን ሲገዛ ከሊብሬው ጋር አንድ የተጨማደደ ደብተር ተቀበለ። የቀድሞዋ ባለቤት ዘይት የተለወጠበትን ቀን፣ የተነዳውን ኪሎ ሜትርና የተከፈለውን ዋጋ ሁሉ ጽፋበታለች። እኔም «መኪና ገዛህ ወይስ የዕድር መዝገብ?» ብዬ ሳቅሁበት። የእኔዋ መኪና ደብተር አልነበራትም፤ የነበራት ደላላ ብቻ ነው።

አምስት ወር ያህል በደስታ ነዳሁ። ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ አንድ የሚያፏጭ ድምፅ መስማት ጀመርሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሬዲዮውን ከፍ እያደረግሁ ድምፁን ሸፈንሁት። በአራተኛው ሳምንት መኪናዋ ሞተሩ እየጮኸ ከቆመችበት አልነቃነቅ አለች። ተጎትታ የሄደችበት ጋራዥ ባለቤት ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። ዘይቱን በጣታቸው ነክተው ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

«ልጄ፣ ይህን ዘይት ማን ነው የጨመረበት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። የመንገድ ዳር ልጅ ርካሽ ነው ብሎኝ አስለወጥሁ።»

«እንግዲያውስ ርካሹን ዛሬ ትከፍለዋለህ» አሉና አስረዱኝ። የእኔ መኪና ካምቢዮ ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት ነበር። በዚህ ዓይነት ካምቢዮ ፍጥነት የሚለዋወጠው ጥርስ ባላቸው ማርሾች ሳይሆን፣ በሚሰፉና በሚጠቡ ሁለት መዘውሮች መካከል በሚዞር የብረት ቀበቶ ነው። ቀበቶው መዘውሮቹን አጥብቆ እንዲይዝ ለእርሱ ብቻ የተሠራ ዘይት ያስፈልገዋል። ሌላ ዘይት ሲገባበት ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ይፋቃል፤ የተፋቀው ብረትም የቀረውን ይበላዋል።

ዕቃውን ፍለጋ ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር ዞርሁ። ለጓደኛዬ መኪና የሚሆነው ዕቃ አዲሱም አሮጌውም በየሱቁ ተደርድሯል። የእኔን ሲሰሙ ግን ነጋዴዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ ከዱባይ ይምጣ ተባለ። ዋጋው የአምስት ወር ደመወዜን የሚያህል ነበር። ያን ገንዘብ ያገኘሁት ለታናሽ እኅቴ የኮሌጅ ክፍያ ካስቀመጥሁት ነው። ስነግራት ዐይኔን ሳታይ «ግድ የለም፣ ወንድም ጋሼ፤ በሚቀጥለው መንፈቅ እመዘገባለሁ» አለችኝ። ብትቆጣኝ በተሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመኪናን ነገር ከበረንዳ ወሬ ሳይሆን ከመካኒኮችና ከመጻሕፍት መማር ጀመርሁ። መጀመሪያ የገረመኝ የቶዮታ ታሪክ ነው። ከፋብሪካው በፊት የሽመና መኪና ነበረ። ሳኪቺ ቶዮዳ የተባለው ጃፓናዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1924 ያስወጣው የሽመና መኪና አንዲት ክር ስትበጠስ በራሱ ይቆም ነበር። ልጁ ኪይቺሮ በ1937 ቶዮታን ሲያቋቁም ይህ ሐሳብ አብሮ ገባ፤ ጉድለት ሲታይ ሥራውን አቁመህ አርም የሚል ነው። ሱዙኪም እንደዚሁ በ1909 በሽመና መኪና ሥራ የተጀመረ ነው። ይህን ሳነብ የእኔ ክር ሦስት ሳምንት ሙሉ ተበጥሳ ሬዲዮ እንደከፈትሁባት ትዝ አለኝና አፈርሁ።

«እንግዲህ ከጃፓኖቹ የትኛው ይሻላል?» ትለኝ ይሆናል። የተማርሁትን ያህል ልንገርህ።

ቶዮታ የሚመሰገነው ባዲስ ነገር ሳይሆን የተፈተነውን በመደጋገም ነው። ኮሮላ ከ1966 ጀምሮ፣ ቪትዝ ደግሞ ከ1999 ጀምሮ የተሠሩ ናቸው። በአገራችን ዋናው ጥቅማቸው ዕቃውም ሠሪውም በየሰፈሩ መገኘቱ ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሰው ስለሚያውቀው ሲገዙ ውድ ናቸው፤ ሲሸጡም ዋጋቸውን ይይዛሉ። አንድ ነገር አስተውል፤ በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ የኮሮላ ሞተሮች በውስጣቸው የጎማ ቺንጋ አላቸው፤ እሱም በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መለወጥ አለበት። የቪትዝ ሞተር ግን በሰንሰለት የሚዞር ስለሆነ፣ ዘይቱ በጊዜው ከተለወጠ ይህ ወጪ የለበትም።

ሱዙኪ ትንሽና ቀላል መኪና በመሥራት የታወቀ ነው። መኪናው ቀላል ሲሆን ቤንዚኑም፣ ጎማውም፣ የፍሬን ሸራውም ይቆጥባል። በሕንድ አገር ከ1983 ጀምሮ በብዛት ስለሚሠራ ዕቃው ከዚያ ይመጣል፤ በአዲስ አበባም ዲዛየር የምትባለዋን ብዙ የታክሲ ሾፌሮች ይዘዋታል። ሆንዳ ሞተር ሳይክል ሲሠራ ቆይቶ በ1963 ወደ መኪና የገባ ነውና በሞተር ዕውቀቱ ስመ ጥር ነው፤ ነገር ግን በእኛ ከተማ ቁጥሩ አነስተኛ ስለሆነ ዕቃ ፍለጋው ያደክማል። ኒሳንና ሚትሱቢሺ በፓትሮልና በፓጄሮ ዓይነት የገጠር መኪናዎች ስም አላቸው፤ የኒሳን ትንንሽ መኪናዎች ግን ብዙዎቹ ያ ያልሁህ የሲቪቲ ካምቢዮ ስላላቸው ዘይቱን ጠንቅቆ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሱባሩ በአራቱም ጎማ የሚገፋ ጠንካራ መኪና ነው፤ ሆኖም ሞተሩ ጎን ለጎን የተኛ በመሆኑ ካንዴላ ለመለወጥ እንኳ እጅ የለመደ ሰው ይፈልጋል።

በአሜሪካ ኮንስዩመር ሪፖርትስ የሚባል መጽሔት በየዓመቱ መኪናዎችን በደረጃ ያወጣል። ቶዮታና ሌክሰስ ለብዙ ዓመታት በፊተኛው ረድፍ ቆይተዋል፤ በ2024 መጨረሻ በወጣው ዝርዝር ግን ሱባሩ ቀደማቸው። ይህን አንብበህ ወደ ገበያ አትሩጥ። ያ ዝርዝር የሚመዝነው በአሜሪካ አስፋልት ላይ የሚነዱትን አዳዲስ መኪናዎች ነው። እኔና አንተ የምንገዛው ሦስትና አራት ሰው የነዳትን የሃያ ዓመት አሮጊት ነው።

ስም ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። ያው ቶዮታ በ2009 እና በ2010 በቤንዚን መርገጫና በወለል ምንጣፍ ጉድለት ምክንያት ሚሊዮኖች መኪናዎችን ለእርማት ጠርቷል፤ ፕሬዚዳንቱ አኪዮ ቶዮዳም በየካቲት 2010 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠይቀዋል። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የአደጋ መከላከያ ከረጢቶች ደግሞ ሲፈነዱ የብረት ስባሪ ስለሚወረውሩ ሰው ገድለዋል፤ ኩባንያው በ2017 ከሰረ። ከረጢቶቹ ሆንዳንና ቶዮታን ጨምሮ በብዙ መኪናዎች ውስጥ ስለገቡ፣ የምትገዛውን መኪና የሻንሲ ቁጥር ይዘህ ማስመርመር የነፍስ ጉዳይ ነው።

የአገራችን አየርም የራሱን ግብር ያስከፍላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቀጭን በመሆኑ ተራ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። ውኃም እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውኃ የሚሞላና የላላ ክዳን የሚገጥም ሰው ዳገት ላይ ማፍላቱ አይቀርም፤ ካፈላ በኋላ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። የጓደኛዬ ቪትዝም አንድ ቀን እንዲሁ አፍልታ ነበር። እሱ ግን ወዲያው ዳር ይዞ ቆመ፤ ክዳኑን በዚያው ቀን ለወጠ፤ በደብተሩም ጻፈው። እኔ ብሆን ኖሮ ሬዲዮ እከፍት ነበር።

ነገሩ ዛሬ የበለጠ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። እንግዲህ በከተማው ያሉት አሮጌ መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ የሚያረጁ ናቸው። አንዱ የሸሸገው ጉድለት የሚቀጥለው ሰው ዕዳ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን የተረዳሁት መኪናዬን ስሸጥ ነው። ካምቢዮው ከተሠራ በኋላ ደኅና ትሄድ ነበር፤ ዳግመኛ ብትሰበር ግን ዐቅሜ አይችላትም። አንድ ወጣት መምህር ሊገዛ መጣ። ደላላው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ካምቢዮው ተከፍቷል እንዳትል፤ ዝም በል» አለኝ። መምህሩ የወንበሩን ቆዳ እየዳሰሰ ፈገግ ሲል አየሁት። የራሴን ፊት ያየሁ መሰለኝ። የእኅቴ ክፍያ በዚያ ሽያጭ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና ለጥቂት ጊዜ ዝም አልሁ። ይህን ካንተ አልደብቅም።

ከዚያ በኋላ ከብልሽቱ ወዲህ መጻፍ የጀመርሁትን ደብተር አውጥቼ ሰጠሁት። የካምቢዮው ሥራ፣ የዘይቱ ዓይነት፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የመካኒኩ አድራሻ ሁሉ ነበረበት። ደላላው ተናዶ ሄደ። መምህሩ ግን ገጽ በገጽ አነበበ፤ ሽማግሌውን መካኒክ ሄዶ ጠየቀ፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ዋጋ ቀንሶ ገዛኝ። የተቀበልሁት ገንዘብ ለእኅቴ መንፈቅ በቃ፤ ለዘመድ ዕዳ ግን አልበቃም፤ እሱን በየወሩ ከደመወዜ ከፈልሁ። መምህሩ ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ደብተሩ መሙላቱንና ሁለተኛ መጀመሩን ነገረኝ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ! ዕጣህ ሲደርስ ያለህን ገንዘብ ሁሉ በመግዣው ላይ አትጨርስ፤ ለጥገና የሚሆን አስቀርተህ ግዛ። ከመግዛትህ በፊት ሶማሌ ተራ ወርደህ የካምቢዮውን፣ የራዲያተሩንና የፍሬኑን ዕቃ ዋጋ ጠይቅ። ከደላላው ሰው ሳይሆን አንተ ከመረጥኸው መካኒክ ጋር ሂድ። ሻጩንም «ምን መኪና ነው?» ብለህ ከመጠየቅህ በፊት «ደብተሩ የት አለ?» በለው። ከሌለው ከገዛህበት ቀን ጀምረህ አንተ ጻፍ፤ አንድ ቀን ካንተ የሚገዛው ሰው እንደኔና እንዳንተ ዕቁቡን ጠብቆ የመጣ ነውና።