«መኪናዋ ወደቀች» ቢሉኝ ገደል የገባች መስሎኝ...

ስልኩ የተደወለልኝ በሌሊት ነው። ደዋዩ ሸዋ ቤንች የሚኖሩት አጎቴ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ መኪናዋ ወደቀች» አሉኝ። ከአልጋዬ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። «ጋሼ፣ ሰው ተረፈ?» ስላቸው ለጊዜው ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «ኧረ ገደል አይደለም! ምርመራ ነው የወደቀችው፤ በጭስ!» አሉ። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ለምን እንዳልሳቁ የገባኝ እዚያው ሄጄ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሚዛን ተፈሪ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወልቂጤን አልፋችሁ ወደ ጊቤ ሸለቆ ስትወርዱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። ድልድዩን ተሻግራችሁ ዳገቱን ስትይዙ ደግሞ የአሮጌ መኪና ሁሉ ገመና ይወጣል። ከአውቶቡሳችን ፊት አንድ የጭነት መኪና ጥቁር ጭሱን እየተፋ ያዘግም ነበር፤ ተሳፋሪው በሙሉ መስኮቱን ዘጋ። ጅማ አድረን፣ ቦንጋን አልፈን፣ ጫካው ውስጥ ስንገባ ነው እንደገና የተነፈስነው። እንሰቱ፣ ሙዙ፣ ኮረሪማው፣ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የተደበቀው ቡና... አቤት አገር! ሸዋ ቤንች ሚዛን ከመድረሳችሁ በፊት ነው የምትገኘው።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ቡናው ቀልቷል። የአጎቴ መኪና በናፍጣ የምትሠራ ቶዮታ ፒካፕ ናት፤ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። ሥራዋ እሸት ቡና ከገበሬው ማሳ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ማድረስ ነው። እሸት ቡና ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። የተለቀመ ዕለት ካልተፈለፈለ ይብላላና ዋጋው ይወርዳል። መኪናዋ ምርመራ ካላለፈች ቦሎ የለም፤ ቦሎ ከሌለ ትራፊክ አለ። በ2002 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ አዋጅ ቁጥር 681 ዓመታዊ ምርመራን ግዴታ አድርጎታል። እንግዲህ የአጎቴ የዓመት ገቢ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የጎረቤቶቹም ቡና በዚያች ማርሚታ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ሳቄን አፈርኩበት።

መኪና ሲታመም መካሪ አይጠፋም። አንዱ፣ «ሞተሩ አልቋል፤ ይውረድ» አለ። ሌላው፣ «ነጭ ጋዝ ቀላቅሉበት፣ ጭሱ ይሳሳል» አለ። ሦስተኛው ጆሯችን ሥር ጠጋ ብሎ፣ «ለምርመራው ቀን ብቻ የሰው ፖምፓና ኖዝል ተውሳችሁ እሰሩላት። ካለፈች በኋላ ትመልሳላችሁ» አለን። እውነቱን ልናገር፣ እኔ የከተማው ልጅ ሦስተኛውን ወደድኩት። አጎቴ ግን፣ «ፖምፓውንስ ለባለቤቱ እንመልሳለን፤ ጭሱን ለማን ልንመልስ ነው?» አሉ። ባለቤታቸውም ከጓዳ ሆነው፣ «በየማለዳው ስታስነሷት ቤቱ በጭስ ይሞላል፤ ልጆቹ ሲያስሉ አይሰማህም?» ብለው ጨመሩበት።

በማግስቱ ሚዛን ወርደን አንድ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ሄድን። ሰውየው መፍቻ አላነሱም። «አስነሷት» አሉና ከኋላዋ ቆመው ጭሷን አዩ።

«ጭስ ቋንቋ ነው» አሉን። «ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፤ የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ ማኅተም ጉዳይ ነው፤ እሱ ወጪ አለው። ነጭ በጠዋት ብርድ ለአፍታ ቢታይ ደንብ ነው። ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ግን ውኃ እየገባ ወይም ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው። የእናንተዋ ጥቁር ነው። ደስ ይበላችሁ፤ ከርካሹ እንጀምራለን።»

ከርካሹ መጀመር! ወጣቶች፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ወጣ። ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም ወደ ቡና ማሳው የሚያስገባው የአፈር መንገድ ነው፤ ዝናቡ ሲያቆም ቀይ አቧራው ዱቄት ይሆናል። ፊልትሮው ጡብ መስሏል። አጎቴ በየጊዜው በአየር እያስነፉ ነበር የሚመልሱት። መካኒኩ፣ «ሲነፋ የሚኖር ፊልትሮ መጨረሻው ወይ መደፈን ነው ወይ መቀደድ ነው» ብለው አዲስ አስገቡ። ጭሱ ወዲያው ሳሳ፤ ግን አልጠፋም።

ቀጥሎ የናፍጣ ፊልትሮና የሞተር ዘይት ተቀየረ። ከዚያ ኖዝሎቹ ተፈትተው ተፈተሹ። ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት ሲገባቸው ሁለቱ ያንጠባጥቡ ነበር። ጠብታ ደግሞ አይቃጠልም፤ ጥላሸት ሆኖ ነው የሚወጣው። በመጨረሻ ፖምፓው ሲታይ ምሥጢሩ ወጣ። ከዓመታት በፊት ብዙ ጆንያ ጭና ዳገት እንድትወጣ የናፍጣው መጠን ከልኩ በላይ ተከፍቶላት ኖሯል። መካኒኩ አጎቴን ቀና ብለው አዩዋቸው። አጎቴ መሬት መሬት አዩ።

«ወደ ልኳ እመልሳታለሁ። ግን ጉልበቷ ይቀንሳል» አሏቸው። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ይመለስ» አሉ። የነጭ ጋዙን ምክር ስናነሳባቸውም መካኒኩ ሳቁ። «ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ነጭ ጋዝ ደረቅ ነው፤ ፖምፓውን ይበላዋል። ዛሬ ጭስ ታተርፉና ነገ ፖምፓ ትገዛላችሁ» አሉ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ አሮጌ የቤንዚን መኪና የምትነዱም አልረሳኋችሁም። ካርቡራተር ያላት መኪና ከቆላ ወደ ደጋ ስትመጣ ታጨሳለች። ሚዛን ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ እዚያ ልክ የነበረው ቤንዚን እዚህ ይበዛል። ስለዚህ የአየር ፊልትሮውን፣ ካንዴላውንና የካርቡራተሩን ልክ ሳታስፈትሹ «ሞተር አለቀ» የሚላችሁን አትመኑ።

የምርመራው ቀንም ዘዴ አለው፤ ማጭበርበር ግን አይደለም። ቀዝቃዛ ሞተር ይዛችሁ አትሰለፉ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ነድታችሁ በደንብ ሲሞቅ ግቡ፤ ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመውም ጥላሸት ይራገፋል። በናፍጣ መኪና ምርመራ የመለኪያው ቱቦ ማርሚታው ጫፍ ላይ ይገባል፤ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይለቀቃል፤ ይህም ይደጋገማል። መለኪያው የሚያነበው ጭሱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚጋርድ ነው። ሞተሩ በኃይል ስለሚጮህ ዘይቱንና ቺንጋውን አስቀድማችሁ አሳዩ። አሮጌ ቺንጋ እዚያ ላይ ከተበጠሰ ጣጣው ሌላ ነው።

«ጭስ ምን ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር አምጪ ከሆኑት መድቦታል። ለቡና አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ቡና ሽታ ይስባል። ማድረቂያ አልጋ አጠገብ የሚያጨስ ሞተር ማቆም፣ ከናፍጣ ጀሪካን ጋር ጆንያ መጫን፣ ዓመት የተለፋበትን ቡና ሲኒ ላይ ማዋረድ ነው። አሮጌ መኪና ደግሞ ገና አብሮን ይኖራል። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በእጃችን ያለውን ማከም ይሻላል።

ሥራዬ ስለጠራኝ ምርመራውን ሳላይ ተመለስኩ። ከሳምንት በኋላ ስልኬ በሌሊት ጮኸ። አጎቴ ናቸው። «አንተ ልጅ... አለፈች!» አሉኝ። በእንቅልፍ ልቤ ደንግጬ፣ «ማን ናት ያለፈችው ጋሼ?» ብዬ ጮህኩ። በዚህ ጊዜ እሳቸውም ሳቁ። «መኪናዋ ናታ! ቦሎዋን ለጠፍኩ።»

«ጉልበቷስ?» አልኳቸው።

«እሱማ ቀነሰ። ዱሮ አንዴ ጭኜ የምወጣውን ዳገት አሁን ሁለቴ እመላለሳለሁ። ማታ ቤት የምገባው መሽቶ ነው» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን እትዬህ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን መክፈት ጀምራለች።»

ቸር ይግጠመን!