ለማን ስንት ይጨለፋል?

የጃፓኑ የሕዝብ ማሰራጫ ኤንኤችኬ እ.ኤ.አ. በ2022 የጀመረውንና በ2024 ሁለተኛ ምዕራፉን ያሳየውን አንድ ድራማ ሰሞኑን ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ተቀምጬ ተመለከትሁ። ርእሱ በአማርኛ «ማብሰል የምትሻ ሴትና መብላት የምትሻ ሴት» እንደ ማለት ነው፤ መነሻውም የሳካኦሚ ዩዛኪ የሥዕል ልቦለድ ነው።

ብቻዋን የምትኖረው ኖሞቶ ከአንድ ሰው ሆድ በላይ ታበስላለች። ጎረቤቷ ካሱጋ አጥግባ ትበላለች። ፍቅራቸው እንደ ሽሮ በዝግታ ይንተከተካል።

የድራማው ፖለቲካ ግን ከፍቅሩ አስቀድሞ ሩዙ ላይ ይገኛል። ካሱጋ ምግብ ቤት ገብታ ስታዝዝ፣ ሴት በመሆኗ ብቻ ሩዟ ተቀንሶ ይቀርብላታል፤ እርሷም የተለመደው መጠን እንዲሰጣት ትጠይቃለች። ባደገችበት ቤትም የተሻለው ድርሻ የአባትና የወንድም ነበር። የኖሞቶን ሙያ የሚያደንቁ ባልደረቦቿ ደግሞ ለወደፊት ባል የተሰናዳ ስንቅ አድርገው ይቆጥሩታል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነውን? ፈረሰኛው ለአባወራው፣ የተረፈው ላበሰለችው! «እኔ ቀማምሻለሁ» እያለች ከማእድ የምትርቅ እናት ያላየ ማን አለ?

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ይቀጣል። በጃፓንም ድራማው በተሰራጨባቸው ዓመታት ሕጉ እንዲህ ያሉ ጥንዶችን አያጋባም ነበር። በዚህ የሚሞግተኝ አንባቢ ይኖራል፤ ይሞግተኝ። ነገር ግን ፍቅር የሌላውን ርሃብ ከማስተዋል የሚጀምር ከሆነ፣ ለሴት ልጁ ሙሉ ጭልፋ የሚነፍግ ቤት ስለ ፍቅር ሌላውን ሊያስተምር ምን ሥልጣን አለው?