ማትሪክን ማን አመጣው?

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ወሬ መጠየቅ ደንብ ነው። የፈተና ሰሞን ግን ወሬው አንድ ብቻ ነው። ቅመም የምገዛቸው እናት ልጃቸው 12ኛ ክፍል ደርሷል። ኮረሪማውን እየሰፈሩ፣ «ወሪያ፣ አንተ መጽሐፍ ታገላብጣለህ። ይህን ፈተና የሚሉትን ነገር የፈጠረው ማነው? ስሙን ንገረኝና ልርገመው» አሉኝ።

«የቻይና ነገሥታት ናቸው» አልኳቸው።

«አቦ፣ ለዚህ ነዋ ቶሎ ቶሎ የሚበላሸው!»

እውነት ለመናገር ቻይና ይህኛውን ዕቃ አጥብቃ ነው የሠራችው። የሱይ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ605 አካባቢ ጀመረው፣ የመጨረሻው የቺንግ ሥርወ መንግሥት በ1905 ሰረዘው። 1,300 ዓመት ሠርቷል ማለት ነው። ሐሳቡ ሹመት ከዘር ቆጠራ ወጥቶ በዕውቀት ይሁን የሚል ነበር። ዕውቀት የተባለው ግን ፊዚክስ አልነበረም። የኮንፊሽየስን መጻሕፍት በቃል መያዝ፣ በታንግ ዘመን ደግሞ በተሰጠ ርዕስ፣ ቤቱን ጠብቆ ግጥም መግጠም ነበር። አውራጃ ለመግዛት ግጥም! ዲማ ወይም ዋሸራ ቅኔ የቆጠረ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነግጥም። እዚያም ተማሪው በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፣ የትናንቱን ደግሞ ማምጣት ነውር ነው። ልዩነቱ፣ የእኛው ሲሳካለት ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል፣ የቻይናው ሲያልፍ ዳኛና ግብር ሰብሳቢ ይሆናል።

ግጥም ፈተና ከሆነ ታላላቆቹ ባለቅኔዎች አንደኛ ይወጡ ነበር ያለ ሰው ተሳስቷል። ቻይናውያን ከታላላቆቻቸው ሁሉ ፊት የሚያስቀምጡት ዱ ፉ ወድቋል፤ ያውም ደጋግሞ። በ747 ንጉሠ ነገሥቱ በአገሩ ያለ ባለ ተሰጥኦ ሁሉ ይፈተን ብሎ አዘዘ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ሊንፉ ግን አዋቂ ሰው አጠገቡ እንዲደርስ አይፈልግም ነበርና አንድም ሳያስቀር ሁሉንም ጣላቸው። ከዚያ ንጉሡ ዘንድ ገብቶ፣ ሳይሾም የቀረ አዋቂ በአገሩ የለም ብሎ የምሥራች ተናገረ። እኛ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር አዘነ። ሊ ሊንፉ ቢኖር እንኳን ደስ አላችሁ ይለን ነበር።

ኩረጃም ከፈተናው ጋር መንታ ሆኖ ነው የተወለደው። ውስጥ ልብሳቸው ላይ ጉንዳን በሚያህል ፊደል መጽሐፉን ገልብጠው የሚገቡ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ልብስ ቀፊራ ቢደርስ ጥሩ ዋጋ ያወጣ ነበር። መንግሥትም መላ አላጣም። በሶንግ ዘመን የተፈታኙ ስም ይሸፈናል፣ የእጅ ጽሑፉ እንዳይታወቅ ደግሞ ጸሐፊዎች ወረቀቱን እንደገና ይገለብጡታል። በ1057 ዋናው ፈታኝ ኦውያንግ ሺው አንድ ድንቅ ጽሑፍ ደረሰው። የራሴ ተማሪ የዜንግ ጎንግ ነው ብሎ ስለጠረጠረ፣ አዳላ እንዳይባል ሁለተኛ አደረገው ይባላል። ስሙ ሲገለጥ የ20 ዓመቱ ወጣት የሱ ሺ ሆኖ ተገኘ። አድልዎን መፍራትም ሰው ይበድላል።

በኋላ ዘመን ተፈታኙ ስንቁን ይዞ ጠባብ ክፍል ይገባና ይዘጋበታል። ሁለት ሳንቃ ይሰጠዋል፤ ቀን ጠረጴዛና መቀመጫ፣ ሌሊት አልጋ ይሆኑታል። እኛ በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ተሰረዘ። ቆይተን የ2014 ተፈታኞችን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብተን ፈተንናቸው። አዲስ ዘዴ ያገኘን መስሎን ነበር።

ነገሩ ከቻይና በቀጥታ አልመጣልንም። እንግሊዞች በ1850ዎቹ የመንግሥት ሥራ በፈተና ይሁን ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቻቸው የቻይና ነገር እያሉ ያጣጥሉት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ተሳፍሮ እኛ ዘንድ የደረሰው። ቻይናም የሰረዘችውን ፈተና በሌላ መልክ መልሳዋለች፤ ዛሬ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ትፈትናለች።

ሁለተኛ የወጣው ሱ ሺ በኋላ የሀንግዡ ከተማ ገዢ ሆነ። የከተማዋ ሐይቅ በአረምና በደለል ተውጦ አገኘው። ጭቃውን አስወጥቶ ሐይቁን የሚያቋርጥ፣ ስድስት ድልድይ ያለው ግድብ መሰል መንገድ አሠራበት። ከ900 ዓመት በኋላም መንገዱ በስሙ ይጠራል። በ1057 ስንተኛ እንደወጣ የሚያስታውስ የታሪክ ሰው ብቻ ነው። ይህ ውኃን የመግራት ሥራ ለእኛ ለደቻቱ ወንዝ ጎረቤቶች የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያ ደረቅ አሸዋ ሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ማትሪክ ያለፈውንና የወደቀውን አልለየም።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ካለፈ መጀመሪያ ደቻቱ ዳር ወስዳችሁ የሚጠብቀውን ሥራ አሳዩት። ከወደቀ ደግሞ አታልቅሱበት፣ ግን ዱ ፉም ወድቆ ነበር እያላችሁ አታሞኙት። ዱ ፉን ዱ ፉ ያደረገው ከወደቀም በኋላ ሳያቋርጥ መጻፉ ነው። ለድሬው ድምፃዊ ለአሊ ቢራም ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጠው አፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ገብቶ መዝፈን ከጀመረ ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ሳይጽፉና ሳይዘፍኑ የወደቁማ የሚቀጥለውን ዓመት ምዝገባ እንዳያመልጣቸው።