ቡቺና ሦስተኛ ሳምንቷ

ቡቺ ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷን ያዘች። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እናቷን እየተጣራች አነጋቻቸው። የመካነ ሰላምን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሙቅ ውሃ የሞላሁበትን ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልዬ ጆንያዋ ሥር ሳደርግላት ነው ዝም ያለችው። አሁን ጥርሷን እየበላት ጫማ አላስቀምጥ ብላለች። እጄን ስትይዝ ጨርቅ አቀብላታለሁ እንጂ አልመታትም።

«ለውሻ ይሄ ሁሉ?» ትሉ ይሆናል። ዋናው ገና ነው፤ ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትከተባለች። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም። ቦረናችን ደግሞ ሌላ አደራ አለበት፦ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም የቀረው ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል፤ በሽታው ከውሻ ወደ እሱም ይተላለፋል።

ተማሪዎቼ፣ በተለይ ገጠር ያላችሁ፣ ቡችሎቻችሁን አስከትቡ። ውሻ የነከሰው ሰው ካለም ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱት።